ጋሽ ደምሴ ያስበላኝ አደራ

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የሰማሁት ሊፍት ውስጥ ነው። የቆሸሸ ልብሴን በቅርጫት አቅፌ ወደ ላውንድሪ ስወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ መኩሪያ ገቡ። ቆባቸውን አወለቁና፣ «ሰማህ አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ደምሴ አረፈ። እዚያው ፈረንሳይ አገር። ልቡ ነው አሉ።» ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። መቼም እንደ አንተ የቀረበው ሰው አልነበረም።»

አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማሽኑ ውስጥ ሳሙናውን ከልክ በላይ ገለበጥኩት፤ ከሐዘን ግን አይደለም፣ ከንዴት ነው። ሰውየው ሞቶም ያናድደኛል! ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲያወራ መቼም ውለታውን ነው የሚያነሳው። እኔም የጋሽ ደምሴ ውለታ አለብኝ፣ አልክድም። ብስክሌት መንዳትን በደንብ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ዝምታን መውደድም እንደዚሁ። ግን እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ውስጥ፣ በማውቀው ሰው ሁሉ ፊት አደራ በላ ያስባለኝም እሱ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም እናገራለሁ።

የተዋወቅነው እዚሁ ሕንጻችን በር ላይ ነው። ካናዳ የመጣሁ ሰሞን ለሥራ መመላለሻ ብዬ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ። ገና ሳልጠግባት ካቴናዋ ወለቀ። በሩ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ በግራሶ ተጨማልቆ ስታገል፣ የሱሪውን እግር በላስቲክ ያሰረ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ መጥቶ ቆመ። አንዲት ቃል ሳይናገር ብስክሌቷን ገለበጣት፣ ካቴናዋን በአንድ ጣቱ ሳብ፣ ፔዳሏን ዞር አደረገ፤ አለቀ። ከዚያ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ፣ «አየር ጠምቷታል» አለኝ፣ በአማርኛ።

«ሐበሻ መሆኔን እንዴት አወቁ?»

«ስትረግማት ሰማሁህ።»

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምናምን ስል እጁን አወዛወዘብኝ። «ብስክሌት ላይ አንቱ የለም። ቅዳሜ ጠዋት በዚህ በር ነው የምወጣው። አንተ የምትለኝ ከሆነ ና። አንቱ የምትለኝ ከሆነ ቤትህ ተኛ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በረዶ መንገዱን ካልዘጋው በቀር፣ የቀረሁበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም።

ጋሽ ደምሴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጣ ሰው ነው። ከሱዳን ፈረንሳይ፣ ከፈረንሳይ ካናዳ። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ጥቂት ዓመት ወይን ሲለቅም ኖሯል፤ ብስክሌት የጀመረውም ያኔ ነው፣ ከእርሻ እርሻ ለመሄድ። እዚህ ከመጣ በኋላ ታክሲ ነዳ። ጡረታ የወጣ ዕለት መኪናውን ሸጠ። ምነው ስለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ሲያወራ ኖርኩ። አሁን ከኋላው ሰው የማይቀመጥበት ነገር ልንዳ» አለኝ። በየዓመቱ መስከረም ሊጠባ ሲል ብስክሌቱን በካርቶን አሽጎ ብቻውን ፈረንሳይ ይሄዳል፤ ገጠር ለገጠር ሲዞር ሰንብቶ፣ ጠቁሮና ከስቶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ይመጣል።

አንድ ሕግ ነበረው። እየነዱ ማውራት ክልክል ነው። ከዌስተን ተነስተን የሀምበርን ወንዝ ይዘን እስከ ሐይቁ ስንወርድ አንድ ቃል አይወጣውም። ፊት ፊት እየነዳ በሁለት ጣቱ ያሳየኛል፤ ጉድጓድ ሲሆን ወደ መሬት፣ ወንዙ ውስጥ የቆመ ወፍ ሲሆን ወደ ጎን። ቀስ በል ሲለኝ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ታች ጫን ጫን ያደርጋል። ሐይቁ ጋ ስንደርስ የተቀቀለ እንቁላልና በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ያወጣል፣ እንበላለን፣ አንድ ሁለት ነገር ይናገራል፣ በቃ። «ሰው መንገድ ላይ የሚያወራው መንገዱን ስላላመነው ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ያኔ ራሴን እንደ ጉድ ያመኝ ነበር። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሲጮህብኝ ይውላል፣ ቤት ስገባ ደግሞ ስልኩ፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ ችግሩን ሊነግረኝ ይደውላል። ያ ዝምታ ባይኖር አብድ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እኔ ሰላም ነው ብዬ ነበር የጠጣሁት።

ባለቤቱ እትዬ ጸዳለ እንደ እሱ አይደሉም። ወሬ ይወዳሉ፣ ሳቅ ይወዳሉ፣ ሬድዮና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ ይከፍታሉ። ከብስክሌት ስንመለስ በሩን በርግደው፣ «መጡ ጎረምሶቹ!» ይላሉ። «ቁምጣ የለበሰ ሽማግሌ! ቄሱ ቢያዩህ ምን ይሉኛል?» እሱ ጢሙን እያሻሸ ፈገግ ይላል። ልጅ አልወለዱም፤ ቀስ በቀስ እኔን ልጄ ይሉኝ ጀመር። ጉንፋን ሲይዘኝ አጥሚት ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወርዳሉ፤ ሺፍቴ ሲቀየር ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ ቀን ለምን አብረውት ፈረንሳይ እንደማይሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ምን ልሠራ ልጄ? ብስክሌቱ ላይ ልፈናጠጥ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሂድ። ሲመለስ ደስ ብሎት ነው የሚመለሰው። እኔ የምፈልገው እሱን ነው» አሉኝ።

እንዲህ እያለ የጋሽ ደምሴ ልብ ታመመ። ደም ስሩን ከፍተው ትንሽ ቱቦ አስገቡለት። ዶክተሩ ብስክሌቱን አልከለከለውም፤ ብቻህን ግን አትሂድ አለው። እትዬ ጸዳለ ዘንድሮስ ቀረ ብለው ስለት ሊያስገቡ ሲዘጋጁ፣ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህን ልጅ ይዤ እሄዳለኋ!» አለ። ከደስታዬ ብዛት ሊያዞረኝ ደረሰ። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ የጎን ቦርሳ ገዛሁ፣ ለሰው ሁሉ ነገርኩ።

ልንሄድ ስንል እትዬ ጸዳለ ብቻቸውን ወደ ቤቴ ወረዱ። የእሱን ኪኒን በየቀኑ እየለዩ በትንንሽ ሳጥን ሞልተው ይዘዋል። ሳጥኑን እጄ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በእጃቸው ከደኑት።

«ልጄ፣ አደራ። ይዘኸው እንደሄድክ ይዘኸው ናልኝ። ከእግዚአብሔር በታች አንተን ነው ያመንኩት።»

«ሳልይዘው አልመለስም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ቃሌ ነው።»

የፈረንሳይን ገጠር እንዴት ብዬ ላውራው! ልጥላው ፈልጌ ነበር፣ እምቢ አለኝ። ሎዋር የሚባለውን ሰፊ ወንዝ ይዘን ነበር የምንነዳው። መኪና የለም፣ ጥሩምባ የለም። የሱፍ ማሳው ደርቆ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። መንደሩ ውስጥ በቀትር ስትገባ በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ የሰው ዘር ያለቀ ነው የሚመስለው፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ሰሚ በሌለበት ይደውላል። ካቴናችን እርፍ ብሎ ሲዞር ይሰማኛል። አንዳንዴ የገበሬ ውሻ ተንደርድሮ ሲመጣ ጋሽ ደምሴ መዳፉን ዘርግቶ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ለእኔ ይሁን ለውሻው አላውቅም፣ ሁለታችንም ቀስ እንላለን።

ውሃ ያለቀብን ቀን ወደ መቃብር ቦታ ይዞኝ ገባ። ለካ እዚያ አገር በየመንደሩ መቃብር ግቢ ውስጥ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለ፤ ብስክሌተኛ ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው። አማተብኩ። «ጋሼ፣ የመቃብር ውሃ ልታጠጣኝ ነው?»

«ከመንደሩ ሰው ሁሉ በር የማይዘጉብህ እነዚህ ሙታን ብቻ ናቸው» አለና ጠርሙሴን ሞልቶ ሰጠኝ። እየሳቅኩ ጠጣሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሳጥኑን እከፍትና፣ «ዋጥክ?» እለዋለሁ፤ አፉን እንደ ሕጻን ከፍቶ ያሳየኛል። ማታ ማታ ለእትዬ ጸዳለ ይደውላል። «ደህና ነኝ። ልጁ እንደ ፖሊስ ይጠብቀኛል» ሲላቸው እሰማለሁ። በልቤ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሕጉን ራሱ አፈረሰው። በቦይ ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር ስንነዳ ፍጥነቱን ቀንሶ ጎን ለጎን ሆነና፣ «አባትህ ሲሞቱ ማን ነው የነገረህ?» አለኝ።

ልወድቅ ነበር። እየነዳ ሲናገር ሰምቼው አላውቅማ! ነገርኩት። መጋዘን ውስጥ ሺፍት ላይ ሳለሁ ነው የአክስቴ ልጅ ደውሎ፣ የሰማሁ መስሎት፣ «እንግዲህ በርታ፣ ቀብሩ ደህና ሆኖ አልፏል» ያለኝ። ካርቶኖቹ መካከል ቁጭ አልኩ። አለቃዬ ውሃ አምጥቶልኝ ሺፍቴን መጨረስ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እንባዬ ሳይመጣ ጨረስኩት።

«በስልክ?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«በስልክ።»

«ነውር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ነው የሚሰማው። ከሚወዱት ሰው አፍ።» እየነዳ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈው፣ ብዙ መንገድ አላነሳውም። ያን ዕለት ነው አባቴን ያለቀስኩት፤ ብስክሌት ላይ፣ ንፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ እየወሰደው። አባት አገኘሁ አልኩ። ሞኝ!

ጉዞው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት፣ ጋሽ ደምሴ ካርታ ማየት ተወ። መስቀለኛ መንገድ ላይ አይቆምም፣ ቀጥ ነው። ልብህን፣ ቀስ በል ብዬ ብጮህ አይሰማኝም። አንድ መንደር አልፈን፣ በወይን ማሳ መካከል ወደምታልፍ ቀጭን መንገድ ታጥፈን፣ ከአንድ የድንጋይ ቤት አጥር ደረስን። እጁን በአጥሩ ላይ አሳልፎ መቀርቀሪያውን ከውስጥ በኩል ከፈተው። የምናርፍበት ቤት ይሆናል ብዬ ተከተልኩት።

ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ፣ የአትክልት ጓንቷን እንዳደረገች ከጓሮ መጣች። አልሮጠች፣ አልተገረመች። ግንባሩን በግንባሯ ነካችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ብሩክ» አለችኝ፤ ስሜን አስተካክላ ነው የጠራችው። ጋሽ ደምሴ በሩ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሳያይ እግሩን አግዳሚው ሥር ላከና ያረጀ ነጠላ ጫማ ጎትቶ አወጣ። እግሩ ያውቀዋል። የእሱ ነው። ብስክሌቴን እንደያዝኩ ግቢው መሐል ደርቄ ቀረሁ።

ኮሌት ትባላለች። ወይን ሲለቅም የነበረው በአባቷ እርሻ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ፣ ጋሽ ደምሴ በየዓመቱ ገጠር ልዞር ነው እያለ የሚመጣው እዚህ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ አግዳሚው ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣ በዚያ በረጋ ድምፁ ነው።

«እኔ አልመለስም፣ ብሩኬ። የቀረችኝን ዕድሜ እዚህ ነው የምጨርሳት።»

«እትዬ ጸዳለስ?»

«ለዚህ እኮ ነው አንተን ይዤ የመጣሁት።»

«ለዚህ ማለት?»

«በስልክ አይነገርማ! አንተው ታውቀዋለህ። ሰው ሄዶ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነው የሚነግራት። ከአንተ ሌላ የምትወደው ሰው የለም። እኔም ከአንተ የተሻለ ሰው የለኝም።»

ያባቴን ሞት ለምን እንደጠየቀኝ ያኔ ገባኝ። «እኔ ጓደኛህ ነኝ ወይስ መርዶ ነጋሪህ?» ብዬ ጮህኩበት። ኮሌት ከጓሮ ብቅ ብላ ተመለሰች። «አደራ ብለውኝ ነው! ይዘኸው ና ብለውኝ ነው! አንተ ራስህ ደውለህ ንገራቸው!»

«አልችልም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ለዚህ ያሰብከኝ? ከዚያ ካቴናዬን ካስገባህልኝ ቀን?»

«እንደሱ አትበል።»

«እሺ ከመቼ?»

ዝም አለ። ያን ያህል ዓመት ስከተለው የኖርኩትን ዝምታ አሁን ፊት ለፊት አየሁት። ሰላም አልነበረም፤ መደበቂያ ነው። የኪኒኑን ሳጥን አግዳሚው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ። የባቡር ጣቢያው ድረስ ብቻዬን ስነዳ ያገኘሁትን ሁሉ እሳደብ ነበር፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።

ቲኬቴን አስቀይሬ ቶሮንቶ ስገባ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ጋሽ መኩሪያ ነው። በሕንጻችን መርዶ ሲኖር ሰብሰብ አድርጎ የሚነግር ሰው እሳቸው ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሞተ ቢሆን እናውቅበታለን» አሉ። «በሕይወት ላለ ሰው መርዶ ግን ሰምቼም አላውቅ። እንዴት ነው የሚነገረው?»

ብዙ ተወዛግበን፣ ሌላ ስለማናውቅ እንደ ወጉ ይሁን አልን። በማለዳ፣ ጋሽ መኩሪያ፣ ሌላ አንድ ሽማግሌና እኔ፣ የእትዬ ጸዳለን በር አንኳኳን። ሻሽ እንኳ ሳያስሩ ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ኮሪደር አዩ።

«ወይኔ! ወይኔ ደምሴን!» ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ጎረቤት በሩን ከፈተ።

«አልሞተም! እትዬ፣ አልሞተም!»

ቆሙ። «አልሞተም?»

«በሕይወት አለ። ደህና ነው።»

መሬት ላይ ተደፍተው ምንጣፉን ሳሙት። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ብድግ ብለው አንገቴን አቀፉኝ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ፣ በጡጫ ደረቴን ይመቱኛል። «አንተ የማትረባ! ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ? ታዲያ የታለ? ሆስፒታል ነው? ንገረኝ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። እንግዲህ ይህን ነው የተወልኝ። በደስታ አንገቴ ላይ የተጠመጠሙትን ሴትዮ እጃቸውን አስለቅቄ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጬ፣ ነገርኳቸው።

ሲያዳምጡ አላለቀሱም። ስጨርስ፣ «ስንት ቀን ነዳችሁ፣ አንተና እሱ?» አሉኝ።

«ሁለት ሳምንት ሊሆነን ጥቂት ሲቀረው ነው።»

«ሁለት ሳምንት፣ ሌትና ቀን አብራችሁ። እና ምንም አልነገረህም?»

«እትዬ፣ ስንነዳ አናወራም።» ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

«አታወሩም!» አሉ። «ኪኒኑን እየለየሁ የሰጠሁህ ታዲያ ለእሷ እንድታስረክበው ነው?»

ምዬ ተገዘትኩ፣ ሽማግሌዎቹም ስለ እኔ ተናገሩ፣ አልሰሙም። በሩን አሳዩኝ። ብዙም ሳይቆዩ ቤታቸውን ለቀው ስካርቦሮ እህታቸው ጋ ገቡ፤ ወሬው ግን እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ከእኔ ጋር ቀረ። አብሮ ዶልቶ ነው፣ ባሏን ሸኝቶላት መጣ፣ አደራ በላ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሚያውቁኝ ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጋሽ ደምሴ አንድ ጊዜ ደውሎ፣ «ነገርካት? አለቀሰች?» አለኝ። «ደውለህ ጠይቃት» ብዬ ዘጋሁት። ዳግም አልደወለም።

እንግዲህ መሞቱን የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ላውንድሪው ውስጥ ልብሴ ሲሽከረከር እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ጸዳለ ቁጥር። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«አሁን ሰማሁ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ለእኔ በስልክ ነው የነገሩኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ከዚህ ስትነሱ ታውቅ ነበር?»

«በአባቴ አጥንት! አላውቅም ነበር።»

ከበስተኋላቸው የሚጮኸውን ቴሌቪዥን ዘጉት።

«አምንሃለሁ» አሉ። «ካመንኩህ ቆየሁ።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ያን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሜ ሰምቼዋለሁ! «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ...»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ለሰው ግን አልናገርም።»

«ለምን?»

«ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ። ሰው ይመጣል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ እሱን ከእንግዲህ መውቀስ አልችልም። ደጉ ባሌ እያልኩ ነው የማለቅሰው፣ ደግሞም ደግ ነበር። ያ ሁሉ ክፋት ግን የሆነ ሰው ላይ መውደቅ አለበት። አንተ ላይ ይሁን፣ ልጄ። ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ።»

ማሽኑ ጨርሶ ጮኸ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

«ለቅሶውም ላይ አትምጣ» አሉኝ። «ሰው ፊት ሳይህ እራራልሃለሁ።»